የልጃገረዶቹ ዋስ መምህር ኪሮስ

መምህር ኪሮስ የሞተው ከተሻለው በኋላ ነው። ይህን ዐረፍተ ነገር ተማሪ ጽፎ ቢያመጣልኝ ከሥሩ አስምሬ «ሐሳቡ ይጋጫል፤ አስተካክል» ብዬ እመልስለት ነበር። የሆነው ግን ይኸው ነው፤ ላስተካክለው አልችልም።

ወሬውን የሰማሁት ክፍል ገብቼ ሒሳብ እያስተማርሁ ነው። ዳይሬክተራችን በሩን ከፍተው ገቡ፤ ወደ እኔ መጥተው ጠመኔውን ከእጄ ላይ ቀስ አድርገው ወሰዱት።  ተማሪዎቹ ከእኔ ቀድመው ገባቸውና ፊት ወንበር ላይ ያሉት ተነሥተው ቆሙ። ሰሌዳው ላይ የጀመርሁት ስሌት እንደተንጠለጠለ ቀረ። በማግስቱም ሌላ መምህር ገብቶ አጠፋው።

ስለ እሱ ሰው ሲጠይቀኝ ሁልጊዜ ከዚህ ከመጨረሻው እጀምራለሁ። ዛሬ ግን በሥርዓቱ ልናገር።

መቀሌ የመጣሁት ጣሊያን ከወጣ ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ነው። ከአንኮበር በኩል የተላክሁ፣ ሥልጠናዬን ገና የጨረስሁ ሰው ነበርሁ፤ ትግርኛ አንድ ቃል አላውቅም። በእንዳ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን አቅጣጫ ካለ አንድ የድንጋይ ቤት ውስጥ ክፍል ተከራየሁ። ከግድግዳው ወዲያ ያለውን ክፍል የተከራየው መምህር ኪሮስ ነበር። በዕድሜ ጥቂት ይበልጠኛል፤ ጂኦግራፊና ሒሳብ ያስተምራል። ቀጭን ነው፣ ረጅም ነው፤ ጣሊያን ጥሎት የሄደ የወታደር ካፖርት ክረምት ከበጋ ከላዩ አይወርድም። በካፖርቱ ኪስ ጠመኔ ስለሚይዝ እጁን ባወጣ ቁጥር ነጭ ነው፤ የጨበጠውንም ሰው ነጭ ያደርገዋል። ገበያ ውስጥ እጁ የነጣ ነጋዴ ካየን «ይሄን ኪሮስ አግኝቶታል» እንባባል ነበር።

እኔ ማስረዳት እወዳለሁ። ማንም ሳይጠይቀኝ አስረዳለሁ። መቀሌ በገባሁ በመጀመሪያው ሳምንት፣ ጨው የጫኑ ግመሎች ከአፋር በረሓ ሲገቡ አብረን ቆመን እያየን፣ ግመል ውሃ ሳይጠጣ ብዙ ቀን የሚቆየው ውሃውን ሻኛው ውስጥ ስለሚያጠራቅም ነው ብዬ አስረዳሁት። ኪሮስ በጸጥታ ሰማኝና፣

«በምን ዐወቅህ?» አለኝ።

«መምህሬ ነግረውናል።»

«እሳቸውስ በምን ዐወቁ?»

 እሱ አንዱን የግመል ነጂ ጠርቶ በትግርኛ ጠየቀልኝ። ሰውየው ብዙ የታረደ ግመል አይቷል፤ ሻኛው ውስጥ ያለው ስብ ብቻ ነው ብሎ ሳቀብኝ። ኪሮስ ግን አልሳቀም። «ኣይዞኻ ሓወይ፣ አይዞህ ወንድሜ፣ እኔም ዛሬ ነው ያወቅሁት። የሰማሁት እንዳንተ ነበር» አለና በነጭ እጁ ትከሻዬን መታ አደረገኝ።

ይህችው «በምን ዐወቅህ?» የትምህርቱ ሁሉ መጀመሪያ ናት። ተማሪ «መሬት ክብ ናት» ካለ በቃል መያዙ አያድነውም፤ ኪሮስ ክፍሉን በሙሉ ይዞ ወጥቶ የሰንደቅ ዓላማውን ምሰሶ ጥላ ሲያስለካ ይውላል። አንድ ቀን ባሻይ ገብረሕይወት የሚባሉ በከተማው የተከበሩ ሽማግሌ ዳይሬክተሩ ዘንድ ለስሞታ መጡ። «ልጄን ገሥጬው ‹እኔ አባትህ ነኝ› ብለው ‹በምን ዐወቁ?› አለኝ። ይሄ ነው ትምህርታችሁ?» አሉ። ኪሮስ ተጠርቶ ሲቀርብ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣና፣ «ባሻይ፣ መልሱ እኮ ቀላል ነው። መስታወት ያሳዩት፤ ያ አፍንጫ ከሌላ ቤት አይመጣም» አላቸው። ባሻይ ለመቆጣት ሞክረው አልሆነላቸውም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ተወዳጁ።

የሴቶች ልጆቹ ነገር የተጀመረው ከዚህ ወዳጅነት ነው።

በዚያን ጊዜ ትምህርት ቤታችን ወንዶች ብቻ ነበሩበት። ሴቶች እንዲገቡ ተፈቅዷል፤ የሚልክ ግን የለም። አባቶች ትምህርቱን ጠልተው አልነበረም፤ የሚፈሩት መንገዱን ነው። መንገድ ላይ ልጅ ትጠለፋለች፤ የተጠለፈችውን ማንም አይመልሳትም። ኪሮስ ማታ ማታ በየቤቱ እየዞረ ይለምን ጀመር። ባሻይ ስለ ልጃቸው ስለ ጽጌ የመለሱለትን እኔም ተቀምጬ ሰምቻለሁ።

«ለመንግሥት ልጄን አልሰጥም፤ መንግሥት እጅ የለውም፣ የማን እጅ ይዤ እጠይቃለሁ? አንተ ግን የአባትህን ቤት ዐውቀዋለሁ። ዋስ ትሆናለህ?»

«እሆናለሁ።»

«ምን ብለህ?»

«ከደጅዎ በእጄ ተቀብዬ፣ ደጅዎ መልሼ በእጅዎ አስረክባለሁ።»

ዋስ መሆን በዚህ አገር ቀላል ነገር አይደለም። በትግርኛ «ዋሕስ» ይሉታል። ወረቀት የለውም፣ ምስክሩም ማኅተሙም ሰውየው ነው። ዋስ የሆነ ሰው ቃሉን ለሌላ ሰው አስተላልፎ አይሰጥም፤ ቃሉ የእሱና የወገኑ ነው። ባሻይ ከሰጡ በኋላ ሌሎችም ሰጡ። ከወሎ መጥቶ ጨርቅ የሚነግደው አቶ ይማም እንኳ ሐሊማን ሰጠ፤ «እኔ እንግዳ ሰው ነኝ፤ ባሻይ ያመኑትን እኔ ማን ነኝና አላምንም» ብሎ።

እንግዲህ በየማለዳው ኪሮስ ካፖርቱን ደርቦ፣ ለውሻ የሚሆን ዱላ ይዞ ከእንዳ ኢየሱስ በኩል ይነሣል። ከየደጁ አንዳንዷን ይቀበላል። በመንገድ ላይ ልጆቹ ብዜት በቃል ይወጣሉ፤ በሁለት ጀምረው ትምህርት ቤቱ ሲደርሱ ዐሥራ ሁለት ላይ ናቸው። ሰፈርተኛው ሰዓት አያስፈልገውም ነበር፤ «የሰባት ብዜት አለፈ፣ ተነሥ» ይባባላል። አቶ ይማም አንድ ጊዜ ኪሮስን ደጁ ላይ ይዞ፣ «መምህር፣ ዋስ የሆንከው ለመንገዱ ብቻ ነው ወይስ ለሌሊቱም? ልጅቷ ተኝታ ትቈጥራለች። ስምንት ላይ ትሳሳትና ደግሞ ከሁለት ትጀምራለች፤ እንቅልፍ አጣን» ሲለው ሰምቻለሁ። ኪሮስም «ስምንቱን በደንብ አስጠናልሃለሁ፤ ሳትሳሳት ትጨርስና ታስተኛችኋለች» አለው።

ሕመሙ የጀመረው በኅዳር ብርድ ነው። መጀመሪያ ጉሮሮውን አመመው፤ ንቀን ተውነው። ጥቂት ሰንብቶ ጉልበቱ አበጠ። ጉልበቱ ሲሻለው ቁርጭምጭሚቱ፣ ከዚያ የእጁ አንጓ። ሕመሙ ቤት እንደሚቀይር ተከራይ ከመገጣጠሚያ መገጣጠሚያ ይዞራል። በልጅነቱም እንዲህ አሞት ያውቃል። ከአልጋ መውረድ ሲያቅተው በቃሬዛ ሆስፒታል ወሰድነው።

ሐኪሙ ጣሊያን ሲወጣ የቀሩ ሽማግሌ ናቸው፤ የከተማው ሰው «ዶቶሬ» ይላቸዋል። ደረቱን ረጅም ጊዜ አዳመጡት። ከዚያ ደሙን አስቀዱ።

ይህን ምርመራ ላስረዳ፤ ነገሩ ሁሉ የዞረው በእሱ ላይ ነውና። ደሙን እንዳይረጋ ከሚያደርግ ፈሳሽ ጋር ይቀላቅሉና ቁጥር በተጻፈበት ቀጭን የመስታወት ቱቦ ይሞሉታል። ቱቦውን ቀጥ አድርገው ያቆሙታል። ደራሽ ውሃ በእንስራ ሲቀመጥ ጭቃው ወደ ታች ዘቅጦ ጥሩው ከላይ እንደሚቀር፣ የደሙም ቀይ ይዘቅጣል፤ ከላይ ብጫ ውሃ ይቀራል። አንድ ሰዓት ሲሞላ ቀዩ ምን ያህል እንደወረደ ያነባሉ። በጤነኛ ሰው ቀዩ ቀስ ብሎ ነው የሚወርደው፤ በወጣት ወንድ ቁጥሩ ከዐሥር ብዙም አያልፍም። ሰውነት ውስጥ ቁጣ፣ ማለትም የሚያሳብጥና የሚያተኩስ ሕመም፣ ሲኖር ግን ቀዩ እርስ በርሱ እየተያያዘ ይከብድና ፈጥኖ ይወርዳል። የኪሮስ ከመቶ በላይ ሆነ።

ዶቶሬ በዚያ በተሰባበረ አማርኛቸው፣ «ደምህ ይጮኻል፣ ኪሮስ» አሉት። «የት እንደሚያመው፣ ለምን እንደሚያመው ደም አይናገርም፤ ይጮኻል ብቻ። እኔ የምፈራው ልብህን ነው። መተኛት። መራመድ የለም። እኔ ልብህን ሰምቼ ተነሣ እስክልህ።»

«ልጃገረዶቹስ?» አለ ኪሮስ።

ዶቶሬ አልገባቸውም። «ሚስት ስንት አለው?» ብለው ወደ ረዳታቸው ወደ ድሬሰሩ ዞሩ። ኪሮስ በዚያ ሁሉ ሕመም ውስጥ ሆኖ ሳቀ፤ ሲስቅ ጎኑን ያዘ።

የሴቶቹን ነገር ልያዝለት ብዬ በማግስቱ ማለዳ ዱላውን ይዤ ባሻይ ደጅ ቆምሁ። አስገቡኝ፤ ቁርስ አቀረቡልኝ። ጽጌ ደብተሯን ታቅፋ ጥግ ላይ ቆማ ታየናለች።

«ብላ ወደይ፣ ጠጣ» አሉኝ ባሻይ፤ «ልጄ» ማለታቸው ነው። «ልጅቷን ግን አልሰጥህም። ክፉ ሰው ሆነህ አይደለም። አባትህን አላውቀውም።»

«አንኮበር ነው ያለው፤ ይጠይቁ።»

«አንኮበር ማንን ልጠይቅ? ውሃ ሲጠማኝ እዚህ ያለውን ጕድጓድ ነው የምጠይቅ።»

በሌሎቹም ቤቶች የተመለሰልኝ ከዚህ የተለየ አልነበረም። ስለዚህ ልጆቹ ቤት ቀሩ፤ ማለዳ ማለዳ መንገዱ ጸጥ አለ።

ኪሮስ በሆስፒታል አልጋ ላይ፣ በኋላም ክፍሉ ውስጥ ሆኖ ይህን ሁሉ ያውቃል። አስፕሪን በብዛት ይውጣል፤ በየሳምንቱ ድሬሰሩ መጥተው ደሙን ይወስዳሉ። እኛ መምህራን ደግሞ ቁጥሩን የምናነበው በለመድነው ዐይን ነው። ሥራችን ፈተና ማውጣትና ማረም ነው፤ ለእኛ ቁጥር ማለት ውጤት፣ ውጤት ማለት ማለፍ ወይም መውደቅ ነው። መምህራን ክፍል በገባሁ ቁጥር «ኪሮስ ዛሬ ስንት አመጣ?» ይሉኛል። ሰማንያ ሲሆን፣ ከዚያም ወደ ስድሳ ሲወርድ፣ ዳይሬክተሩ «ዝቅ ያለ የሚያልፍበት ፈተና ዕድሜ ልኬን ያየሁት ይሄ ብቻ ነው» ብለው አሳቁን። ኪሮስ ራሱ «ማለፊያው ዐሥር ነው። ዐሥር ስገባ ዱላዬን ስጡኝ» ይል ነበር።

በታኅሣሥ አጋማሽ ዶቶሬ መድኃኒት ለማምጣት አስመራ ሄዱ። ቶሎ እመለሳለሁ ብለው ነበር፤ ዘገዩ። በዚሁ መካከል ከባሻይ ቤት መልእክት መጣ። ጽጌን ለልጃቸው የሚጠይቁ ሰዎች ሽማግሌ ልከዋል። ባሻይ ከኪሮስ ደብቀው ማድረግ አልፈለጉም። የመጣው ሰው እንዲህ አለው፦ «‹ልጅቷ ትምህርቷን ትታ እቤት ተቀምጣለች። የምትቀመጥበት ምክንያት ከሌለኝ ጥምቀት ሲያልፍ ቃል እሰጣለሁ። ዋሱ ከአልጋው ከተነሣ ግን ለእሱ የሰጠሁት ቃል ቃል ነው› ብለዋል።»

ኪሮስ ያን ሌሊት አልተኛም። በነገራችን ላይ ከዚያ ቀደም ብሎም ተጋድሞ መተኛት ትቶ ነበር፤ ግድግዳውን ተደግፎ ቁጭ ብሎ ያድራል። ያስለዋል። እግሩም እንደገና አብጧል፤ የአሁኑ እብጠት ግን አያምም፣ አይቀላም፤ በጣት ሲጫኑት ጉድጓዱ ይቀራል። «ብዙ ተኝቼ ነው» ይላል።

በዚያው ሳምንት ደሙ ተቀዳ። ቁጥሩን የሰማሁት ከድሬሰሩ አፍ ነው። ቀዩ አልወርድም ብሎ ቆመ፤ ከዐሥርም በታች ሆነ። ድሬሰሩ ራሳቸው ተገርመው ሁለተኛ አደረጉት፤ ያው ነው። ያዩትን ነገሩን፤ ሌላ የጨመሩት የለም።

እየሮጥሁ ገብቼ ነገርሁት።  ኪሮስ ካፖርቱን እንዳቀብለው እጁን ዘረጋ።

«ዶቶሬ ሳይመጣ?» አልሁት።

«ዶቶሬ አስመራ ነው። ጥምቀት ደግሞ እዚህ ነው።»

«መዳንህን በምን ዐወቅህ?»

ቀና ብሎ አየኝ። ይህን ጥያቄ ለእሱ መልሶ የጠየቀው ሰው እንደሌለ ያኔ ገባኝ። ፈገግ አለ፤ ፈገግታው ግን የደከመ ነበር።

«በቁጥር ነዋ፣ ሓወይ። ስትጠይቀኝ እኮ መልሱ እጄ ላይ አለ። መቶ ሲሆን ታመሃል አሉኝ፣ አመንሁ። አሁን ጤነኛ ሲለኝ የማላምነው ለምንድን ነው? ደስ የማይለኝን ብቻ ነው እንዴ የማምነው?»

 መልሱን ያኔ የሚያውቅ አጠገባችን አልነበረም።

በማግስቱ ማለዳ ወጣ። እኔም ትንሽ ራቅ ብዬ ተከተልሁት። በየደጁ ሲደርስ ከወትሮው ረዘም አድርጎ ሰላምታ ይሰጣል። «ከመይ ሓዲርኩም፣ ጤና ይስጥልኝ፣ ከብቶቹ ደኅና? ዘመዶች ደኅና?» ይላል፤ የሚጠይቀው ትንፋሹ እስኪመለስ ነው። ባሻይ በራቸው ላይ ቆመው እየጠበቁ ነበር። የጽጌን እጅ ይዘው በእጁ አስቀመጡለት። «መጥተሃል» አሉ። «መጥቻለሁ» አለ።  ሽማግሌ የላኩትን ሰዎች ባሻይ ያን ዕለት መለሱ።

የጨው ግመሎች መንገዱን ሲያቋርጡ ኪሮስ ልጆቹን አስቁሞ የመጨረሻው ግመል እስኪያልፍ ዱላውን ተደግፎ ጠበቀ። ድሮ በመካከላቸው ሾልኮ ነበር የሚያሳልፋቸው። ሐሊማ «መምህር፣ ስድስት ላይ ነን፤ እንቀጥል?» ስትለው በእጁ ቀጥሉ አለ፤ ድምፁን ግን አላሰማም። ያን ማለዳ ልጆቹ እስከ ዐሥራ ሁለት ያደረሱት ብቻቸውን ነው።

እንዲህ ሆኖ ጥቂት ቀናት አመላለሳቸው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የመጨረሻዋን ልጅ አስረክቦ ሲመለስ እዚያው ቤታችን ደጅ ላይ ተቀመጠ፤ መነሣት አልቻለም። ከንፈሩ ጠቁሮ ነበር። ዶቶሬ አስመራ ሆነው የሚጠብቁት መድኃኒት ሲዘገይባቸው ትተው በዚያው ሳምንት ተመለሱ። ደረቱን አዳመጡ፤ እግሩን በጣታቸው ተጭነው ጉድጓዱን ረጅም ጊዜ አዩት። ድሬሰሩ ቁጥሩን ሲነግሯቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። ኪሮስ እስከ መጨረሻው አእምሮው አልተነካም። እናቱ፣ አደይ ለምለም፣ ከገጠር በበቅሎ ደርሰው እጁን ይዘውት ሳለ፣ እኔ ወደ ትምህርት ቤት ከወጣሁ በኋላ፣ በማለዳ ዐረፈ። ያን ማለዳ ነው ዳይሬክተሩ ጠመኔዬን የወሰዱት።

አደይ ለምለም ሐዘን ከተቀመጡ በኋላ አንድ ከሰዓት አስጠሩኝ። ሌላ ሰው አልነበረም። ራሳቸውን ተላጭተዋል፤ ጥቁር ለብሰዋል። ረጅም ናቸው፣ እንደ ልጃቸው።

«ቁጭ በል ወደይ። የምጠይቅህ አለ። ቁጥሩ ጥሩ ነበር አሉኝ። ደሙ ድኗል ብሏል አሉ። ልጄ ግን ሞተ። ማን ነው የዋሸው?»

«ማንም አልዋሸም፣ አደይ።»

«አስረዳኛ። አንተ ማስረዳት ትወዳለህ ይል ነበር።»

ዶቶሬ የነገሩኝን በሰማሁበት መንገድ አስረዳኋቸው። ቁጣ ሲኖር በደም ውስጥ አንድ ነገር ይበዛል፤ ቀዩን የሚያጣብቀውና የሚያወርደው እሱ ነው። ኪሮስ መጀመሪያ ሲታመም ቁጥሩ የወጣው በዚህ ነው፤ ሲሻለው በእርግጥ መውረድ ጀምሮ ነበር። ሕመሙ ግን ልቡን ነክቶታል። ልብ ሲደክምና ደም በሰውነት ውስጥ ሲተኛ ያ የሚያጣብቀው ነገር ያንሳል፤ ቀዩም ይዘገያል። ስለዚህ የመጨረሻው ትንሽ ቁጥር የመዳን ሳይሆን የልብ ድካም ነበር። አንድ ዓይነት ቁጥር፣ ሁለት ምክንያት። የቱ እንደሆነ የሚለየው ልቡን ያዳመጠ፣ እግሩን የዳሰሰ፣ እንዴት እንደሚተኛ የጠየቀ ሰው ነው። ዶቶሬ «ብኖር ኖሮ ቁጥሩን ስሰማ ደስ አይለኝም፣ እደነግጥ ነበር» ብለዋል።

አደይ ለምለም አላቋረጡኝም። 

«ገብቶኛል» አሉ። «ከሩቅ ሆነህ የሰው ቤት ሲጨስ ታያለህ። በኋላ ጭሱ ይቀራል። ወይ እሳቱ ጠፍቷል፣ ወይ የሚነደው አልቋል። ሄዶ ያላየ አይለይም።»

ቀጥለውም፣ «ሲነሣ ታዲያ ምን አጣድፎት ነው?» አሉኝ።

የልጃገረዶቹን ነገር ነገርኋቸው። ዋስ መሆኑን እስከዚያ ቀን አልሰሙም ነበር። አንድ ሁለት ጊዜ አስደገሙኝ፤ በተለይ ቃሉን፦ በእጅ ተቀብሎ በእጅ ማስረከብ።

በአርባው ዕለት አባቶቹ ለተዝካሩ መጡ። ያን ጊዜ ከልጃገረዶቹ አንዳንዶቹ ወደ ገጠር ተልከዋል፤ አንዷ ተድራለች። ለጽጌ የተላኩት ሽማግሎች እንደገና መመላለስ ጀምረዋል። ሰው በልቶ ሲጨርስ ተነሥቼ ልጆቹ እንዲመለሱ ለመንሁ። ንግግሩን አዘጋጅቼ ነበር፤ ከፍዬ፣ በተራ በተራ። ባሻይ ገብረሕይወት እስክጨርስ ታገሡኝ።

«ጥሩ ተናገርህ» አሉ። «ነገር ግን ዋሳችን ሞቷል። ነፍሱን ይማር፤ ቃሉን አላጎደለም።»

አደይ ለምለም ከሴቶቹ መካከል ድምፃቸውን አሰሙ። «ባሻይ፣ እርስዎ ሕግ ያውቃሉ። ዋስ የሆነ ሰው ሲሞት በአገራችን ማን ነው የሚጠየቀው?»

«ወራሹ ነዋ።»

«ልጄ ሚስት አላገባም፣ ልጅ አልወለደም። ወራሹ ማን ነው?»

ባሻይ ወዴት እንደሚወስዷቸው ያኔ ገባቸው። ኵታቸውን ወደ ትከሻቸው ሳቡ።

«አደይ፣ እርስዎ ሐዘንተኛ ነዎት። ማንም አይጠይቅዎትም።»

«እኔ ግን ተጠያቂ ነኝ። መሬት አላወረሰኝም፣ ቤት አላወረሰኝም። ያወረሰኝ ይህን ነው፤ ይህንንም ትከለክሉኛላችሁ?»

 ቀድሞ የተናገረው አቶ ይማም ነው። «እኔ ሐሊማን ነገ ደጅ ላይ አቆማለሁ» አለና ወደ ባሻይ ዞረ።  «የአገር ወግ ነው፤ እምቢ ማለት አይቻለኝም» አሉ ባሻይ። ሌሎቹ ተበታተኑ።

በማግስቱ ከትምህርት ቤቱ በር ላይ የደረሱት ጽጌ፣ ሐሊማና አንዲት ትንሽ ልጅ ብቻ ናቸው። አደይ ለምለም ከፊት ከፊታቸው ይሄዳሉ። ብዜት አያውቁም፤ ልጆቹም አሮጊቷን አፍረው በጸጥታ ነው የመጡት። ወደ ግቢው እንዲገቡ ለመንኋቸው፤ «ቃሉ እስከ በሩ ነው» ብለው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። እስክንለቅ እዚያው ዋሉ። ወደ ገጠርም አልተመለሱም፤ የልጃቸውን ክፍል ኪራይ ያዙ። ከግድግዳው ወዲያ አሁን የሚያስሉት እሳቸው ናቸው።

ባለፈው ሳምንት ዝናብ ሊመጣ ደመናው ሲጠቁር አየሁና ሲመለሱ ተከተልኋቸው። ትንሿን አስረከቡ፣ ሐሊማን አስረከቡ፤ ባሻይም ደጃቸው ላይ ወጥተው የጽጌን እጅ ተቀበሉ። ከዚያ በኋላ ያለውን መንገድ ብቻቸውን ነው የሚመለሱት። ቀረብ ብዬ እስከ ቤት ልሸኝዎት አልኋቸው።

«ሂድ ወደይ፣ ዝናቡ ሳይደርስብህ» አሉኝ። «ለእኔ ዋስ የሆነ የለም።»